ከቢሊዮን ሦስት አራቷን እንዴት ለቅመን እናወጣለን?

እምብዛም የማይከሰት የቅንጣት መፈራረስ እንዴት እንደሚፈለግ ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ከቢ-ኤስ ሜዞን (ከኳርክና ከፀረ-ኳርክ የተሠራች፣ ወዲያው የምትፈራርስ ቅንጣት) ጀምሩ። ይህች ቅንጣት ወደ ሁለት ሚዩኦን (የኤሌክትሮን ከባድ ዘመድ) ብቻ የምትፈራርሰው ከቢሊዮን ሦስት አራት ጊዜ ነው፤ የቅንጣት ፊዚክስ ዋና ንድፈ ሐሳብ የሆነው ስታንዳርድ ሞዴል የሚለው ይህንን ነው። ቁጥሩ ከዚህ ከራቀ ገና ያላወቅነው ቅንጣት እጁን አስገብቷል ማለት ነው። ድካሙ የሚያዋጣውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ በቅንጣት ማፋጠኛ ውስጥ ከሚመዘገቡት የፕሮቶን ግጭቶች መካከል ተቃራኒ ቻርጅ ያላቸው ሁለት ሚዩኦኖች ያሉበትን ግጭት ምረጡ። ሚዩኦን አብዛኞቹ ሌሎች ቅንጣቶች ቆመው የሚቀሩበትን ብረት አልፎ ስለሚወጣ መለየቱ ብዙ አያስቸግርም። ቀጥሎ መነሻቸውን እዩ። ቢ-ኤስ የምትኖረው 1.5 ፒኮሰከንድ (የሰከንድ ትሪሊዮንኛ) ገደማ ቢሆንም ፍጥነቷ ከፍተኛ ስለሆነ ከመፈራረሷ በፊት ሚሊሜትሮች ትጓዛለች፣ ስለዚህ ሁለቱ ሚዩኦኖች ፕሮቶኖቹ ከተጋጩበት ነጥብ ፈንጠር ካለ አንድ ቦታ መነሳት አለባቸው። ከጉልበታቸውና ከአቅጣጫቸው የፈራረሰችውን ቅንጣት መጠነ ቁስ አስሉ። የቢ-ኤስ መጠነ ቁስ በሆነው 5.37 ጂኢቪ (የቅንጣቶች መጠነ ቁስ መለኪያ) አካባቢ ከመጣ እጩ ይዛችኋል።

እጩ ብቻ ነው። ከሁለት የተለያዩ ቢ ሜዞኖች የወጡ ሚዩኦኖች በአጋጣሚ ሊገጥሙ ይችላሉ፤ ፓዮንና ካኦን የሚባሉ ቀላል ሜዞኖችም ሚዩኦን መስለው ይገባሉ።

አሁን ዋናው ነገር። 5.37 አካባቢ ያለውን ዳታ ሸፍኑና አትዩት! መስፈርቶቻችሁን በሲሙሌሽንና ከዚያ ቁጥር ግራና ቀኝ ባለው ዳታ ብቻ ጨርሱ። አስቀድሞ ያየ ሰው ሳይታወቀው መስፈርቱን ወደሚመኘው ውጤት ይጎትተዋል፣ እንዲህ የመጣ ግኝት ደግሞ ዳታ ሲጨመር ይተናል።

ስንት ቢ-ኤስ እንደተፈጠረ በቀጥታ መቁጠር ስለማይቻል በደንብ ከሚታወቅ መፈራረስ ጋር አወዳድሩ፤ የቢ-ኤስ ዘመድ የሆነችው ቢ-ፕላስ ወደ ጄ-ፕሳይ (ሌላ ሜዞን) እና ካኦን የምትፈራርስበት የተለመደው ነው።

ትዕግስትም ይጠይቃል። በአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል ሰርን ውስጥ የኤልኤችሲቢ ሙከራ ቡድን በ2012 ያገኘው 3.5 ሲግማ (ውጤቱ የአጋጣሚ ላለመሆኑ መለኪያ) ነበርና «ማስረጃ» እንጂ «ግኝት» አልተባለም። ለግኝት 5 ሲግማ ያስፈልጋል። ያንን ያለፉት ሲኤምኤስ ከሚባለው ሌላው የሰርን ሙከራ ጋር ዳታቸውን አጣምረው ነው፤ ጽሑፉም በ2015 ታተመ። ቁጥሩ ከስታንዳርድ ሞዴል ጋር አልተጋጨም። እሱም ቢሆን ትልቅ ዜና ነው፣ ብዙ አማራጭ ንድፈ ሐሳቦችን ጥግ አስይዟቸዋል።

ራሳችሁ መሞከር ከፈለጋችሁ ሰርን በነፃ የለቀቀውን የሲኤምኤስ የሁለት ሚዩኦን ዳታ አውርዱና በፓይተን (የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ) የመጠነ ቁሱን ሂስቶግራም፣ ማለትም የድግግሞሽ ሥዕል፣ ሥሩ። 3.1 ጂኢቪ ላይ የጄ-ፕሳይ ጉብታ፣ 91 ላይ ደግሞ የዜድ ቦዞን የተባለችው ከባድ ቅንጣት ጉብታ መታየት አለበት። እነዚህ ካልታዩ ስሌታችሁ ተሳስቷልና እሱን ሳታስተካክሉ ወደ ብርቅዬዋ አትሂዱ።