ዝጉን ሳጥን በዕቁብ ግዙ

ከቪዲዮ ጌም የወጡ፣ በሳጥን የሚሸጡ ትንንሽ የአውሬ ቅርጾች አሉ። የሞንስተር ሀንተሩ ዘንዶ ራታሎስ አለ፣ የፖኬሞን ፍጥረቶችም አሉ። ችግሩ ሳጥኑ ዝግ ነው፤ ውስጡ የቱ እንዳለ የምታውቁት ከፍላችሁ ከቀደዳችሁ በኋላ ነው። እኔ ባሕር ዳር ሆኜ ስጀምር አንድ አንድ እያልኩ ገዛሁ። ከአራቱ ሦስቱ ያው አንድ ባለቀንድ ሆነው ወጡ።

ሒሳቡን ልንገራችሁ። ስብስቡ 6 ዓይነት ቢሆንና ሁሉም እኩል ዕድል ቢኖራቸው፣ በተናጠል እየገዛችሁ ስድስቱንም ለማሟላት በአማካይ 15 ሳጥን ገደማ ያስፈልጋችኋል። ስድስት ገዝቶ ስድስት የተለያየ የሚያገኝ ሰው ከመቶ ሁለት እንኳን አይሞላም። ከመደበኛዎቹ ውጭ አልፎ አልፎ ተደብቆ የሚገባው ብርቅዬማ በአንዳንድ ስብስቦች ከ72 ወይም ከ144 ሳጥን አንዱ ነው፣ እሱን እርሱት።

ስለዚህ ዕቁብ ግቡ። ፕሌይስቴሽን ቤት ከማይጠፉት ልጆች ስድስት ሁናችሁ እኩል አዋጡና ያልተፈታ ሙሉ ካርቶን አስመጡ፤ ብዙ ጊዜ ካርቶኑ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ይይዛል፣ ሁሌ ግን አይደለም፣ ስለዚህ ብር ከመላካችሁ በፊት ሻጩን ጠይቁ። ከዚያ ስም ጽፋችሁ ጠቅልሉና ዕጣ አውጡ። መጀመሪያ የወጣለት መጀመሪያ ይመርጣል፣ በሚቀጥለው ካርቶን ደግሞ መጨረሻ ይሆናል። ዳኛና ጸሐፊ ይኑራችሁ። ሳጥኑ ሁሉም በተገኘበት ይከፈት! አንዴ አንዱ «እስክትመጡ ብዬ ነው» ብሎ ብቻውን ከፍቶ ጠበቀን፤ ጭቅጭቁ ሳምንት ፈጀ።

ሳጥን እየነቀነቁ ወይም በወርቅ ሚዛን እየመዘኑ የሚገምቱ አሉ። ክብደቱ አንዳንዴ ይጠቁማል፣ መነቅነቁ ግን ቀጭን ጅራትና ክንፍ ይሰብራል። ተዉት።

አስመስለው የሚሠሩትን ለመለየት እግሩን ወይም መቆሚያውን ገልብጡ። በኦሪጅናሉ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የባለመብቱ ስም ተቀርጾ ወይም ታትሞ ታገኛላችሁ። ቀለሙ ከመስመር የወጣ፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነፍጥ ከሆነ፣ ዋጋውም ሳቅ የሚያስመጣ ከሆነ፣ በቃ ገብቷችኋል።

ከአዲስ አበባ በሰው ስታስልኩ በእጅ ሻንጣ ይሁን፣ መኪናው መስታወት ሥር አይቀመጥ። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን እስኪወጣ ያለው የዓባይ በረሃ ሙቀት ቀላል አይደለም፤ አብዛኞቹ ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ ስለሚሠሩ ይለሰልሳሉ። የእኔው ዘንዶ ክንፉ ተጣሞ ደረሰ። እንዲህ ከሆነ ሙቅ ውኃ ውስጥ (የፈላ አይደለም) ለጥቂት ጊዜ ንከሩት፣ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ አቃኑት፣ ይዛችሁት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ክተቱት። ይመለሳል። አቧራውን ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ አጽዱ፤ አልኮልና በረኪና ቀለሙን ስለሚልጡት አታስጠጉት።

የሚቀመጥበት ቦታ ፀሐይ የማይመታው ይሁን፣ ቀለሙ ይደበዝዛል። እኔ መጀመሪያ ሳሎን፣ ከጊዮርጊስ ሥዕል አጠገብ ደረደርኳቸው። እናቴ ቡና እያፈላች ቀና ብላ አየችና «አንዱ ዘንዶ አልበቃው ብሎ ሌላ አመጣህበት?» አለችኝ። አሁን ቡፌው ውስጥ፣ ከስኒዎቹ ኋላ ናቸው።