211 ስትደውሉ፦ ቶሮንቶ ውስጥ የቤት ሰው አእምሮው ሲታወክ

ፍሪጃችን ላይ አንዲት ወረቀት ተለጥፋለች። ከላይ 211፣ ያለ ፖሊስ የአእምሮ ጤና ቡድን የሚጠራበት የስልክ ቁጥር፤ ከሥሩ አድራሻችን፣ ቀጥሎ ከሕንፃው መግቢያ ላይ የሚጫኑት የመጥሪያ ቁጥር። እማዬ እንግሊዝኛ ስለማታነብ በአማርኛ ፊደል ጽፌላታለሁ፦ «ቱ ዋን ዋን። አምሃሪክ ፕሊስ።» እንግዳ ሲመጣ ታነሳታለች፤ ገመና ነው ብላ። እንግዳው ሲሄድ ትመልሳታለች።

ይህን የምጽፈው ቤታቸው ውስጥ እንደ ታናሽ ወንድሜ ያለ ሰው ላላቸው የቶሮንቶ አበሾች ነው። ልጁ 24 ዓመቱ ነበር። እንቅልፍ እምቢ አለው። መስኮቱን በካርቶን ሸፈነ። «ስልኬ ውስጥ ሆነው ያዳምጡኛል» ማለት ጀመረ። እኔ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከብ ፒኤስደብሊው ነኝ። ሰው ቤት ስሆን ብልህ ነኝ። የራሴ ቤት ሲናጥ ግን ጣቴ ዝም ብሎ 911 ደወለ።

መደወሌ አልነበረም ስህተቱ። እማዬ ከኋላዬ ሆና «ኧረ ይሄ ልጅ ሊገድለኝ ነው!» እያለች ታለቅሳለች። ምን ማለቷ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ጭንቀቱ ጨረሰኝ ነው የምትለው። ኦፕሬተሯ «ምን እያለች ነው?» ስትለኝ ቃል በቃል ተረጎምኩላት! ከዚያ በኋላ ስለ እንቅልፉና ስለ ካርቶኑ ማን ይስማኝ። ኮሪደሩ በዩኒፎርም ሞላ። ልጁ እዚህ ከመድረሱ በፊት መንገድ ላይ እስር ቤት ያየ ነው፤ መለዮ ሲያይ ምን እንደሚሆን ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቆለፈ። ማንም አልተጎዳም፣ ተመስገን። ግን ለወራት ከእኔ ጋር አንድ ገበታ አልቀረበም።

211ን የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። አገልግሎቱ ቶሮንቶ ኮሚዩኒቲ ክራይሲስ ሰርቪስ ይባላል። በ2022 እ.ኤ.አ. በተወሰኑ ሰፈሮች በሙከራ ተጀመረ። አሁን መላ ከተማዋን ያዳርሳል፣ ሌትም ቀንም ይሠራል። ከፖሊስ፣ ከእሳት አደጋና ከአምቡላንስ ቀጥሎ አራተኛው የድንገተኛ አገልግሎት ነው ይሉታል። ገንዘቡ የከተማው ነው፤ የሚመጡት ሰዎች ግን የማኅበረሰብ ድርጅት ሠራተኞች ናቸው። እንደየአካባቢያችሁ ታይቡ ወይም ገርስታይን ከሚባሉት ድርጅቶች ወይም ከሌላ ድርጅት ይመጣሉ። መሣሪያ የላቸውም። 16 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሁሉ ነፃ ነው።

እንግዲህ አደዋወሉ።

በመጀመሪያ ያላችሁበትን ቦታ ተናገሩ። አፓርትመንት ከሆነ የመጥሪያ ቁጥሩን ጨምሩ፤ ሰዎቹ በር ላይ ቆመው እንዳይቀሩ። ይህ ቡድን የሚሄደው ቶሮንቶ ከተማ ውስጥ ብቻ ነው። ሚሲሳጋ ወይም ብራምፕተን የምትኖሩ 211 የአካባቢያችሁን አገልግሎት ይነግራችኋል እንጂ እነዚህን ሰዎች አይልክላችሁም።

ከዚያ «ክራይሲስ ቲም እንዲመጣልኝ እፈልጋለሁ» በሉ። እንዲህ በግልጽ ካላላችሁ ነገሩ ሊንዛዛ ይችላል፤ 211 ስለ ቤት ኪራይና ስለ ምግብ እርዳታም የሚደወልበት ቁጥር ነውና። አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ «አምሃሪክ» ማለት ይበቃል። መስመሩ ጸጥ ቢል አትዝጉት፣ እያገናኟችሁ ነው። ልጆቻችሁን ግን አስተርጓሚ አታድርጉ። የ12 ዓመት ልጅ ስለ አባቱ እንዲህ ያለ ነገር መተርጎም የለበትም።

ቀጥሎ የቃላት ነገር ነው፤ እኔ የተቃጠልኩበት ቦታ ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አማርኛችን ሞትና ግድያ ይወዳል። «ገደልከኝ»፣ «ሞቼ በተገላገልኩ»፣ «አንገቴን በቆረጥከው»፣ «ራሴን ልጥል ነው»። እማዬ ወጡ ጨው ሲበዛበትም «ገደልሽኝ» ትላለች። አስተርጓሚው ቃሉን እንጂ የእማዬን ጠባይ አያውቅም። ስለዚህ አባባል ከሆነ «ይህ አባባል ነው» በሉ። ሰውየው ከልቡ ሞትን እያነሳ ከሆነ ደግሞ በአባባል አትሸፍኑት። «ራሱን ማጥፋት እንደሚፈልግ ነግሮኛል፣ እንዴት እንደሆነም ተናግሯል» ብላችሁ በግልጽ ንገሯቸው።

«አበደ» አትበሉ። «ሰይጣን ይዞታል»ም አይረዳቸውም። ያያችሁትን ተናገሩ። እኔ በሁለተኛው ጊዜ፣ 211 ስደውል፣ ያልኩት ይሄ ነው፦ «አራት ሌሊት አልተኛም። ከትናንት ጀምሮ ከውሃ በቀር አልቀመሰም። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማል። ማንንም አልመታም፣ እጁ ላይ ምንም የለም። ዩኒፎርም ያስፈራዋል።» አለቀ። የሚወስደውን መድኃኒት ካወቃችሁ ጨምሩ። ጫት ወይም ሐሺሽ ካለም አትደብቁ፣ ሊከሱት አይደለም የሚመጡት።

መሣሪያ ከያዘ፣ ሰው ከተጎዳ፣ ወይም ራሱን ለመጉዳት ኪኒን ውጦ ከሆነ ግን 911 ነው። እዚህ ላይ መግደርደር የለም። ሌላ አደጋ ሳይኖር በድንጋጤ 911 ከደወላችሁም «የአእምሮ ጤና ጉዳይ ነው፣ ወደ ክራይሲስ ሰርቪስ አስተላልፉልኝ» ማለት ትችላላችሁ። በመጀመሪያው ዓመት ከ911 ከተላለፉት ጥሪዎች 78 በመቶው ያለ ፖሊስ አልቀዋል።

እስኪመጡ ቤቱን አቅሉት። የእኛ ሰው ሲጨንቀው ሰው ይጠራል። የንስሐ አባት፣ አክስት፣ የዕድር ሰው፣ የታችኛዋ ጎረቤት ከነጠላዋ። ለለቅሶ ጥሩ ነው። እዚህ ግን አንድ የሚያምነው ሰው ብቻ ይቅረበው። ቲቪውን አጥፉ። የወጥ ቤቱን ቢላ ድምፅ ሳታሰሙ አንሱ። ደግሞ ሰዎቹ እንደሚመጡ ንገሩት፤ ድንገት አታምጡበት። እኔ ከበሩ ውጭ ሆኜ «ሁለት ሰዎች ይመጣሉ፣ ፖሊስ አይደሉም፣ ካልፈለግካቸው ሂዱ ትላቸዋለህ» አልኩት። እውነትም ነው። ያለ ፈቃዱ አይነኩትም።

አንድ ወንድና አንዲት ሴት መጡ፣ ጂንስ የለበሱ። ሴትየዋ ከመኝታ ቤቱ በር ውጭ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። እሷም በአንድ ወቅት ድምፅ ትሰማ እንደነበር ነገረችው። ቡድኑ ውስጥ እንዲህ በራሳቸው ያለፉ ሰዎች ሆን ተብለው ይቀጠራሉ። እማዬ ጣልቃ ስትገባ ክንዷን ያዝኩ። ለእሱ የቀረበን ጥያቄ እሱ ይመልስ፤ እናት ይህ ይከብዳታል። ከአርባ ደቂቃ በኋላ በሩ ገርበብ አለ። እማዬ ቡና አፈላች፤ ወንድየው ሁለተኛውን ስኒ ጠጥቶ «በቃኝ» ማለት አቃተው።

ስለ ጸበልም ተናገሩ። እኔ ሊስቁብን ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። አልሳቁም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጸበል ሲጠመቅ ኪኒኑን ያቆማል ወይ? ያቆም ነበር፤ እኔም አላውቅም ነበር።

የመኖሪያ ወረቀት የሌላችሁ አትሸሹ። ከተማዋ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የያዘችው ፖሊሲ አገልግሎቷ የመኖሪያ ፈቃድን ሳይመለከት እንዲሰጥ ነው።

እምቢ ቢልና እየባሰበት ቢሄድስ? የቡድኑ ሰዎች አስገድደው አይወስዱትም። ያኔ ያለው መንገድ ፎርም 2 ነው። ጀስቲስ ኦፍ ዘ ፒስ የሚባል ዳኛ ዘንድ ቀርባችሁ ያያችሁትን በመሐላ ትናገራላችሁ። ዳኛው ካመነበት ፖሊስ ወደ ሐኪም እንዲወስደው ያዛል፤ ትእዛዙ ለ7 ቀን ይጸናል። ሐኪሙ በበኩሉ በፎርም 1 ለምርመራ እስከ 72 ሰዓት ሊያቆየው ይችላል። ከባድ መንገድ ነው። እኛ አልደረስንበትም።

የቡድኑ ሰዎች ሲሄዱም ነገሩ እዚያ አይቆምም። በሁለት ቀን ውስጥ መልሰው ይደውላሉ። ከፈለገ እስከ 90 ቀን የሚከታተለው ሰው ይመድቡለታል። እኛ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትተን ነበር፤ ያነሳው ራሱ ነው። በረንዳ ላይ ወጥቶ ብዙ አወራ። ምን እንዳወራ አልጠየቅኩም።

ባለፈው ሳምንት ፍሪጁን ሳጸዳ ወረቀቷ ላይ ሁለት መስመር ተጨምሮ አገኘሁ። የእሱ ጽሑፍ ነው። «ሲመጡ ጫማ አታስወልቋቸው። የታችኛዋን እትዬ አትጥሩ።»