እንቅልፍዎ የሚጠፋው በስንት ሰዓት ነው?

«እንቅልፍ አጣሁ» ለሚል ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «በስንት ሰዓት?» መሆን አለበት። ማታ አልመጣ የሚለውና ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጥሎ የሚሄደው እንቅልፍ አንጎል ውስጥ የሚያውካቸው ኬሚካል የተለያየ ስለሆነ፣ ለአንዱ የሚሠራው መፍትሄ ለሌላው ላይረባ ይችላል።

ችግር፦ ሰውነት ዝሎ ዓይን አልከደን ሲል

ነቅተን በቆየን መጠን አንጎል ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ ሕዋሳት ኃይል ሲጠቀሙ የሚተርፍ ነው። የነርቭ ሕዋሳት ተቀባዮች ላይ ሲያርፍ ድብታ ይመጣል። ካፌይን በቅርጹ አዴኖሲንን ስለሚመስል ቦታውን ቀድሞ ይይዝበታል። ድካሙ አለ፤ መልእክቱ ግን አይደርስም።

በደም ውስጥ ያለው ካፌይን በግማሽ ለመቀነስ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከአቦል እስከ በረካ የጠጣ ሰው ማታ 4 ሰዓት ሲተኛ ግማሹ ያህል ገና አብሮት አለ። በእርግዝና ጊዜና የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል በሚወስዱ ሴቶች ላይ ደግሞ ከዚህም ይረዝማል። «እኔ ጠጥቼም እተኛለሁ» የሚሉ አይጠፉም። ይተኛሉ፤ ጥልቅ እንቅልፋቸው ግን ይቀንሳል።

መፍትሄ፦ ቡናውን ወደ ጠዋት ማምጣት። በአንድ ቀን ከማቋረጥ ስኒውን ቀስ በቀስ መቀነስ ይሻላል፤ አለበለዚያ ራስ ምታቱ መልሶ ጀበና ፊት ያስቀምጣል። ማታ ደማቅ መብራትና ስልክም ሜላቶኒን የተባለውን የምሽት ሆርሞን ስለሚያዘገዩ መቀነስ አለባቸው።

ችግር፦ ወዲያው ወስዶ ሌሊት 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ሲያነቃ

እዚህ ላይ ስለ መጠጥ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር ዶፓሚንና ኖሬፒነፍሪን የተባሉ የአንጎል አነቃቂ ኬሚካሎችን ስለሚያስለቅቅ የመረቀነ ሰው እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም። ይህን ለመስበር ነው ጨብሲ የሚባለው። አልኮል አንጎልን የሚያረጋጋውን ጋባን ያግዛል፣ የሚያነቃቃውን ግሉታሜት ያፍናል። ጉበት አልኮሉን አጣርቶ ሲጨርስ ግን ታፍኖ የቆየው ግሉታሜት ያይላል፤ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ዓይን ይፈጣል። ጨብሲ የሚሰጠውን እንቅልፍ ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ መልሶ ይወስዳል።

መፍትሄ፦ መጠጥን የእንቅልፍ መድኃኒት አለማድረግ፤ ጫቱንም መተው፣ ካልሆነም በጊዜ ማብቃት። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው ግን በድንገት ካቆመ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊደርስበት ስለሚችል በሐኪም ክትትል ያቁም።

ነቅቶ የሚያድረው ሰው ጠጪ ካልሆነና ሐዘን፣ ተስፋ መቁረጥ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት ካለው ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ሕክምና ይፈልጋል።

ችግር፦ ጋደም ሲሉ እግርን አላስቀምጥ የሚል ስሜት

ብዙ ጊዜ ከጭንቀት ይቆጠራል፤ የብረት እጥረት ሊሆን ግን ይችላል። አንጎል እንቅስቃሴን ለመቆጣጠር የሚረዳውን ዶፓሚን ለመሥራት ብረት ያስፈልገዋል። መፍትሄው የሰውነትን የብረት ክምችት የሚያሳየው የፌሪቲን የደም ምርመራ ነው፤ ሳይመረመሩ የብረት እንክብል መዋጥ አይገባም።

ችግር፦ ሶፋ ላይ እያንጎላጁ አልጋ ላይ ሲወጡ መንቃት

አንጎል አልጋውን ከመገላበጥ ጋር አቆራኝቶታል። እንቅልፍ ካልመጣ ተነስቶ፣ በደብዛዛ ብርሃን ጸጥ ያለ ነገር ሠርቶ፣ ድብታ ሲመጣ ብቻ መመለስ፤ ሌሊቱ የቱንም ያህል ቢከፋ ጠዋት በተለመደው ሰዓት መነሳት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ። ይህ ዘዴ የሚገኝበትን የሥነ ልቦና ሕክምና የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከመድኃኒት በፊት እንዲሞከር መክሯል። ዲያዜፓምን የመሰሉ እንክብሎች ጋባን በማገዝ ያስተኛሉ፤ ሰውነት ሲለምዳቸው ግን መጠኑ አልበቃ ይላል፣ በድንገት ማቆሙም አደገኛ ነው። ችግሩ በሳምንት 3 ሌሊት እየደጋገመ 3 ወር ከሞላው፣ ወይም ማንኮራፋትና ትንፋሽ መቋረጥ ካለበት፣ ከመድኃኒት ቤት በፊት ሐኪም ጋ መሄድ ነው።