«ባይ» ወይስ «አንቲል»? ሁለቱም «እስከ» ሲሆኑ

ከቃሊቲ ወጥቶ ወደ ገላንና ዱከም በሚወስደው መንገድ ባሉት ፋብሪካዎችና መጋዘኖች በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስታወሻ ብርቅ አይደለም። «ሪፖርቱን እስከ ዓርብ አስገቡ» ለማለት ብዙ ሰው «ሰብሚት ዘ ሪፖርት አንቲል ፍራይደይ» ይላል። እንግሊዝኛው ግን «እስከ ዓርብ ድረስ ስታስገቡ ቆዩ» የሚል ስሜት ይሰጣል። ትክክሉ «ባይ ፍራይደይ» ነው፤ ዓርብ ራሱም ይቆጠራል።

የሚለያቸው ግሡ ነው። ድርጊቱ ሳይቋረጥ የሚቆይ ከሆነ (መጠበቅ፣ መሥራት፣ ክፍት መሆን) አንቲል፤ አንዴ ተደርጎ የሚያበቃ ከሆነ (መክፈል፣ ማስገባት፣ መድረስ) ባይ። ካጠራጠራችሁ በ«እስከ» ምትክ «ሳያልፍ» አስገቡ። «ዓርብ ሳያልፍ ክፈል» ያስኬዳል፤ ስለዚህ ባይ። «ዓርብ ሳያልፍ ጠብቀኝ» ግን ሌላ ነገር ሆነ፤ ስለዚህ አንቲል።

አሉታ ሲመጣ ነገሩ ይዞራል። «ዘ ስቶር ዊል ኖት ኦፕን አንቲል ናይን» ማለት ስቶሩ ከዘጠኝ በፊት አይከፈትም፣ በዘጠኝ ይከፈታል ማለት ነው። መከፈት አንዴ የሚሆን ነገር ነው፤ ተዘግቶ መቆየቱ ግን ይቀጥላልና አንቲል ገባ። ዘጠኙ ደግሞ የፈረንጅ ነው፤ በእኛ ጠዋት 3 ሰዓት። ይህን ያላስተዋለ ሹፌር ጭነቱን ይዞ ከሰዓት በኋላ፣ ስድስት ሰዓት አርፍዶ ይደርሳል። «ባይ ፋይቭ ፒኤም»ም እንዲሁ 11 ሰዓት ሳያልፍ ነው።

ከአንቲል በኋላ «ዊል» አይገባም። «ዌይት አንቲል ሂ ካምስ» እንጂ «አንቲል ሂ ዊል ካም» አይባልም። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ ሊከብድ አይገባም፤ እኛም «ይመጣል» እያልን «እስኪመጣ» ስንል መጨረሻው ላይ ያለውን «አል» እንጥላለን። አጻጻፉ ላይ አንቲል አንድ «ኤል» ብቻ አለው፤ አጭሩ «ቲል» ግን ሁለት። ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም፣ መሸምደድ ነው።

ፈቃድ ላይ ግን አንቲልን ባትጠቀሙበት ይሻላል። «ኦን ሊቭ አንቲል ሰፕቴምበር 15» ሲባል ሰውየው በ15 ይገባል ወይስ በ16? ተናጋሪዎቹ ራሳቸው ይለያዩበታል። «ባክ አት ወርክ ኦን ሰፕቴምበር 15» ብላችሁ አጠገቡ የእኛን ቀን ጻፉ፦ መስከረም 5፣ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን መስከረም 4።