በክረምት ጉም ጦሳ ላይ የቀረን ሰው እንዴት ማውረድ እንደሚቻል

ሐምሌና ነሐሴ ከደሴ ከተማ በላይ ባለው ጦሳ ተራራ ላይ ከሰዓት በኋላ ጉም ሲወርድ፣ ወጥቶ ያልተመለሰ ሰው አለ ከተባለ ሰፈሩ ገመድ ይዞ ይሮጣል። ገመዱ ይቆይ። ቀድመው መድረስ ያለባቸው ላስቲክ፣ ብርድ ልብስና ሙቅ ውሃ ናቸው። ሰው በብርድ ለመሞት ውርጭ አያስፈልገውም፤ በዝናብ ርሶ ነፋስ ላይ ከተቀመጠ በ10 ዲግሪም የውስጥ ሙቀቱ ከ35 በታች ሊወርድ ይችላል። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከዚያ በላይ 500 ሜትር በተወጣ ቁጥር ሙቀቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ኮምቦልቻ በሸሚዝ የዋለ ሰው የጎፍ የተባለው ተራራ አናት ላይ ያለውን ብርድ የማይገምተው ለዚህ ነው።

ስልኩ

ከተቸገረው ሰው ጋር የሚያወራ አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ዘመድ ሁሉ «አለህ ወይ?» እያለ ሲደውል ቻርጁ ያልቃል፤ ብርዱም ባትሪውን ያደክመዋል። የሚጠየቀው አጭር ነው፦ ተጎድተሃል? ልብስህ ርሷል? ገደሉ ከበላይህ ነው ከበታችህ? ምን ይሰማሃል፣ ወንዝ፣ አዛን፣ መኪና? ኢንተርኔት ካለው ያለበትን ቦታ ከካርታው ይላክ። ድምፅ እየተቆራረጠ ካስቸገረ የቦታውን ቁጥሮች በአጭር መልእክት ይጻፍ፤ ጥሪ እምቢ ባለበት ቦታ መልእክት ሊያልፍ ይችላል። ከዚያ ስልኩን አጥፍቶ ደረቱ ውስጥ ይክተትና በየ30 ደቂቃው ብቻ ይክፈተው። ካለበትም አይንቀሳቀስ፤ ጉም ውስጥ መውረጃ መፈለግ ነው ሰውን ገደል አፍ የሚያደርሰው።

907 ላይ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 991 ላይ ለፖሊስ ይደወል። አምቡላንስ የሚደርሰው መኪና እስከሚገባበት ድረስ ስለሆነ፣ መገናኛው ላይ የእጅ ባትሪ የያዘ ሰው ይቁም።

የሚወጡት

ለቃሬዛ በአንድ ጊዜ 6 ሰው ያስፈልጋል፣ ተቀያሪ ሲጨመር 12። ሁለት ፈጣኖች ደረቁን ዕቃ ይዘው ይቅደሙ። መሪው እዚያው ተራራ ላይ ከብት የሚያግድ ሰው ይሁን፤ ካርታ የማያሳየውን ቀጭን መንገድ እሱ ያውቀዋል። የሰፈሩ ቅሬ (ዕድር) ቃሬዛ ካለው ይምጣ። «የሬሳ ነው፣ ለሕያው አይሆንም» የሚል አይጠፋም፤ አትስሙት።

ጉም ውስጥ የእጅ ባትሪን ግንባር ላይ ማሰር ዓይን ያሳውራል፣ ብርሃኑ ጉሙን መትቶ ይመለሳል። ወገብ ላይ ዝቅ አድርጎ መያዝ ይሻላል። የስልክ መብራት ለዚህ ሥራ አይረባም። ፊሽካ ግን በርካሽ የሚገኝ ትልቅ መሣሪያ ነው፦ በደቂቃ 6 ጊዜ የሚነፋ «እርዱኝ»፣ በደቂቃ 3 ጊዜ የሚነፋ «ሰምተናል» ማለት ነው። ከነፉ በኋላ ሁሉም አንድ ደቂቃ ጸጥ ይበል፤ ሰው ሁሉ እየጮኸ የሚፈልግ ከሆነ መልሱን ማንም አይሰማም።

መብረቅ ካለ ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ ቁጠሩ። ከ30 ሰከንድ ካነሰ ከሸንተረሩ ወርዳችሁ ጠብቁ፤ የምትቀጥሉት ከመጨረሻው ነጎድጓድ 30 ደቂቃ በኋላ ነው።

ሲደርሱ

ከቀጥታ በላዩ አትውረዱ። ዝናብ የፈታው ድንጋይ አንዴ ከተረገጠ ማረፊያው እሱ ራስ ላይ ነው፤ በጎን ዞራችሁ ቅረቡ። በእግር የማይደረስበት ገደል ላይ ከሆነ በገበያ ገመድ ሰው ለማንጠልጠል አትሞክሩ። የጭነት መኪና ገመድ ቋጠሮ ሲበዛበት ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ስለታም ድንጋይ ላይ ሲፈተግም ይበጠሳል። ለእጅ መያዣ ይሁን እንጂ ለነፍስ አይታመንም። ላስቲክ፣ ጋቢና ምግብ አውርዱለት፣ የሠለጠነ ሰው እስኪመጣም አዋሩት።

መጠቅለል

ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ሰው ተገኘ ሲባል ሁሉም አንስቶ መሮጥ ይፈልጋል። በጣም የቀዘቀዘ ልብ ግን መናወጥ አይችልም፤ በድንገት ማንሳትና ማቆም ብቻውን ምቱን ሊያዛባው ይችላል።

መጀመሪያ ሁኔታውን ለዩ። እየተንቀጠቀጠ በደንብ የሚያወራ ከሆነ ሰውነቱ ገና እየታገለ ነው። ምላሱ ከተሳሰረ፣ ሲራመድ ከተወለጋገደ፣ ቁልፍ መቆለፍ ካቃተው እየባሰበት ነው። ሳይሞቅ መንቀጥቀጡ ከቆመ ግን «ተሻለው» አትበሉ፣ ከባዱ ደረጃ እሱ ነው። አንዳንዱ እዚህ ሲደርስ «ሞቀኝ» ብሎ ልብሱን ያወልቃል።

ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ ላስቲክ ዘርጉ። በላዩ ገለባ የተሞላ ማዳበሪያ ወይም የታጠፈ ጃኬት አንጥፉ፤ ከላይ ሦስት ብርድ ልብስ ቢደረብ መሬቱ ከታች ሙቀቱን ይጠጣዋል። ከዚያ ብርድ ልብሱ ይነጠፍ። ነፋስና ዝናብ ላይ ከሆናችሁ የራሰውን ልብስ አታውልቁ፤ ጨምቃችሁ እሱን በሌላ ስስ ላስቲክ ጠቅልሉት፣ እርጥበቱ ወደ ብርድ ልብሱ እንዳያልፍ። መጠለያ ካለ የራሰውን በመቀስ ቀዳችሁ ደረቅ አልብሱት። ጋቢ ጥጥ ነው፤ ከራሰ አያሞቅምና ሁልጊዜ ከውጭኛው ላስቲክ ውስጥ ይሁን። ራሱንና አንገቱን ሸፍኑ፣ ፊቱን ብቻ ተዉ።

ከፔርሙስ ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ቅዱ፤ የፈላ ከሆነ ፕላስቲኩ ይጨማደዳልና እጅ የሚችለው ሙቀት ይበቃል። በካልሲ ጠቅልላችሁ ደረቱና ብብቱ ላይ አድርጉ፣ ቆዳውን በቀጥታ እንዳይነካ። እጅና እግሩን አትሹ፣ እሳት ዳርም አታስጠጉ። አረቄ ፈጽሞ አይሰጠው፤ የቆዳውን ደም ሥር ከፍቶ የቀረውን ሙቀት ያስወጣበታል።

ኩባያውን ራሱ መያዝ ከቻለ ስኳር የበዛበት ሻይና በሶ ስጡት። እንዲህ ያለው ሰው ከ30 ደቂቃ በኋላ ደኅና ከሆነ ቀስ ብሎ ሊራመድ ይችላል። ሌላው ሁሉ በቃሬዛ። ራሱን ለሳተ የሚጠጣ ምንም አይሰጠው። ትንፋሹንና የአንገቱን ምት እስከ አንድ ደቂቃ ድረስ ፈልጉ፣ ብርድ ሁለቱንም በጣም ያዘገያቸዋል። ትንፋሽ ከሌለው ደረት መጫንና ትንፋሽ መስጠት ይጀመር፤ በመቀዝቀዙ ብቻ «ሞቷል» አይባልም።

መውረድ

ቃሬዛ ካልመጣ ሁለት ተኩል ሜትር የሆኑ ሁለት እርጥብ የባሕር ዛፍ አጣና ይቆረጥ፤ ደረቁ ሳይታሰብ ይሰነጠቃል። የሁለት ማዳበሪያ ታች ጥጎች ተቀደው አጣናዎቹ ይለፉባቸው፣ ቁመቱ ካልበቃ ሦስተኛ ይጨመር። ሰውየው ደረቱ፣ ወገቡና ጉልበቱ ላይ ይታሰር። ቁልቁል ሲኬድ እግሩ ይቅደም፣ በተቻለ መጠን አግድም ይሁን። ቀጥ ባለው ቦታ ሁለት ሰው ከኋላ በገመድ ይያዙት። ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ ሰው ነው፤ ተሸካሚ በየ100 እርምጃው ይቀየር፣ ሳይደክም።

ለአምቡላንሱ የተገኘበትን ሰዓት፣ መንቀጥቀጡ መቼ እንደቆመ፣ ምን እንደጠጣ ንገሩ። የወጡትም ሳይበተኑ ይቆጠሩ፤ ተሸክመው ያላባቸውና ልብሳቸው የራሰ ሰዎች እንደቆሙ ብርድ ይይዛቸዋል።