ኤስሲፒን ማንበብ ከየት ይጀመራል? ከፋይሎቹ ወደ ጌሞቹስ እንዴት ይኬዳል?

ኤስሲፒ ፋውንዴሽን አንድ ደራሲ የለውም። ከየአገሩ የተሰባሰቡ በርካታ ሰዎች በአንድ ድረ ገጽ ላይ የሚጽፉት ልቦለድ ነው። መነሻ ሐሳቡ ቀላል ነው። ከሕዝብ ዓይን የተሰወረ አንድ ድርጅት የተፈጥሮን ሕግ የሚጥሱ ዕቃዎችን፣ ፍጥረታትንና ቦታዎችን እየያዘ ይቆልፋል፤ ለእያንዳንዱም ቁጥር ሰጥቶ ፋይል ይከፍትለታል። እኛ የምናነበው ያንን ፋይል ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ ሰው ስሙን ሳይገልጽ ፎርቻን በተባለ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የለጠፈው አጭር ጽሑፍ ሁሉንም ጀመረው፤ በ2008 ደግሞ የራሱ ድረ ገጽ ተከፈተለት። ዛሬ ፋይሎቹ በሺዎች ይቆጠራሉ፤ በነፃ ይነበባሉ። ብዛታቸው ግን አዲስ ሰው ያስደነግጣል፤ ስለዚህ መግቢያውን ላሳያችሁ።

1. ከ001 አትጀምሩ

ቁጥር ስለሆነ ከመጀመሪያው መነሳት ትክክል ይመስላል፤ አይደለም። በ001 ስር ያለው አንድ ፋይል ሳይሆን እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ የብዙ ጸሐፊዎች ሐሳቦች ናቸው። “እውነተኛው 001 የኔ ነው” የሚሉ ሰነዶች ተደርድረው አንባቢው ይመርጣል። የቀሩትን ሳያውቁ እዚያ የገቡ ጓደኞቼ ግራ ተጋብተው ትተውታል። ቁጥር የጽሑፉን ቅደም ተከተል አያሳይም፤ ቦታውን ብቻ ነው የሚያሳየው።

በእነዚህ አራት ጀምሩ፦ 173፣ 087፣ 914፣ 055። አራቱም አጫጭር ናቸው። 087 ማለቂያ የሌለው ወደ ታች የሚወርድ ደረጃ ነው፤ በየ13 እርከኑ እየታጠፈ ይወርዳል፣ ከታች ሕፃን እያለቀሰ እርዳታ ይለምናል፣ ምንም ያህል ብትወርዱ ግን ድምፁ አይቀርብም። 055 ደግሞ ማንም ሊያስታውሰው የማይችል ነገር ነው፤ ሰው በአእምሮው መያዝ የሚችለው ምን እንዳልሆነ ብቻ ነው። ክብ አለመሆኑ ይታወቃል።

2. አንብቡ፣ አትስሙ

ዩቲዩብ ላይ በድምፅ የሚተርኩ ቻናሎች ሞልተዋል። ከሥራ ስትመለሱ ለማዳመጥ ጥሩ ናቸው፣ ለጅማሬ ግን አልመክርም። የፋይሉ አቀማመጥ፣ በጥቁር የተሸፈኑት ቃላት፣ ለሁለተኛ ጊዜ ስትመለሱ ብቻ የሚታየው የግርጌ ማስታወሻ፣ ሁሉም በትረካ ይጠፋሉ። በማሽን ትርጉምም አትመኩ። እንግሊዝኛው የቢሮ እንግሊዝኛ ነው፤ ትንሽ ከለመዳችሁት መዝገበ ቃላት አጠገብ አድርጋችሁ መግፋት ይሻላል።

3. የአያያዝ ደንቡን አትዝለሉ

አዲስ አንባቢ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ፋይል ቁጥሩንና ምድቡን ካስቀመጠ በኋላ በቀጥታ ወደ አያያዝ ደንብ ይገባል። ዕቃው ምን እንደሆነ ገና አልተነገረንም፤ በሩ እንዴት እንደሚቆለፍና ስንት ሰው እንደሚገባ ግን ይነገረናል። ደረቅ መመሪያ ስለሚመስል ዓይናችን ዘሎት ወደ መግለጫው ይወርዳል። ታሪኩ ያለው ግን እዚያው ደንቡ ውስጥ ነው።

173ን ውሰዱ። ደንቡ ወደ ክፍሉ የሚገቡት ሰዎች ከ3 እንዳያንሱ፣ ከገቡም በኋላ በሩ እንዲቆለፍባቸው ያዛል። ሁሉም ወጥተው በሩ እስኪዘጋ ድረስ ሁለቱ ዓይናቸውን ከእሱ ላይ ማንሳት የለባቸውም። እዚህ ላይ ቆም በሉና ጠይቁ። ሦስት የሆኑት ለምንድን ነው? ሁለቱ ሲያዩ አንዱ የሚሠራው ሥራ ስላለ ነው። አንድ ተመልካች የማይበቃውስ? ሰው መቼም ዓይኑን ማርገብገቡ አይቀርም። በሩ የሚቆለፈውስ? ድርጅቱን ከሦስቱ ሰዎች ሕይወት ይልቅ የሚያስጨንቀው የዚያ ነገር መውጣት ስለሆነ። መግለጫው ላይ ስንደርስ ነገሩ ከሲሚንቶና ከብረት የተሠራ ሐውልት እንደሆነ፣ የሚያየው ሰው ሲጠፋ እንደሚንቀሳቀስና አንገት እንደሚሰብር ይነገረናል፤ ግማሹን ግን ራሳችን ደርሰንበታል። ፍርሃቱ የሚሠራውም ራሳችን ስለደረስንበት ነው።

ስለዚህ ደንቡ ውስጥ እንግዳ ነገር ባያችሁ ቁጥር “ይህ የተጻፈው ማን ምን ሆኖ ነው?” በሉ። ጥሩ ጸሐፊ አንድም አደጋ ሳይተርክ አደጋውን በደንቡ ያሳያል። በጥቁር የተሸፈኑ ቃላትም እንዲሁ ናቸው። ጎበዙ ጸሐፊ የሚሸፍነው ዙሪያውን አይታችሁ ልትገምቱት የምትችሉትን ነው፤ ሰነፉ ሐሳብ ያጣበትን ቦታ ሁሉ ያጠቁረዋል። ጥቂት ፋይሎች ካነበባችሁ ልዩነቱን ትለዩታላችሁ።

ይህን ካልያዛችሁ ወደ ጌሞቹ ብትሄዱም የምታዩት ጭራቅ ብቻ ነው።

4. ምድቦቹ

ሴፍ፣ ዩክሊድና ኬተር የሚሉት ምድቦች የአደገኛነት ደረጃ አይደሉም፤ አያያዙ ምን ያህል እንደሚከብድ ነው የሚናገሩት። ሳጥን ውስጥ ቆልፋችሁ ብትተዉት ምንም የማይሆነው ሴፍ ነው፤ ምን እንደሚሆን እርግጠኛ ካልሆናችሁ ዩክሊድ፤ በቀላሉ የሚያመልጥ ከሆነ ኬተር። አንድ ቁልፍ ሲጫን ዓለምን የሚያጠፋ መሣሪያ፣ ካልተነካ ድረስ፣ ሴፍ ሊባል ይችላል። ሁለት ፋይሎች ቢቃረኑ ደግሞ አትጨነቁ፤ ሁሉንም የሚያስር አንድ የጸደቀ ታሪክ የለም። አንባቢዎች ድምፅ ይሰጣሉ፣ ነጥቡ እስከ -10 የወረደ ገጽ ለመሰረዝ ይታጫል።

5. አሁን ወደ ጌሞቹ

መጀመሪያ መጫወት ያለባችሁ “ኮንቴይንመንት ብሪች”ን ነው። ፊንላንዳዊው ዮናስ ሪኮነን እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ነፃ ጌም ነው፤ ለአሮጌ ኮምፒውተርም አይከብድም። ተጫዋቹ ለሙከራ የሚያገለግል እስረኛ ነው። ጌሙ ሲጀምር ከሌሎች ሁለት እስረኞች ጋር ወደ 173 ክፍል ይገባል፤ ሦስት ሰው፣ ከደንቡ እንደተወሰደ። ከዚያ በሩ ይበላሻል፣ መብራት ይጠፋል። ስክሪኑ ግርጌ ላይ እየቀነሰ የሚሄድ መስመር አለ፤ ባለቀ ጊዜ የገጸ ባሕርዩ ዓይን በራሱ ይጨፈናል፣ ሐውልቱም በዚያች ቅጽበት ይቀርባል። ፋይሉ ሁለት ተመልካች የጠየቀው ዓይን መርገብገቡ ስለማይቀር ነበር፤ እዚህ ብቻችሁን ናችሁ። ሪኮነን የወሰደው የሐውልቱን መልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደማንኛውም አሳዳጅ ጭራቅ ይሆን ነበር። እሱ ግን ደንቡን ወስዶ የጨዋታ ሕግ አደረገው።

914ንም እዚያው ታገኙታላችሁ። በፋይሉ ውስጥ ዕቃ የሚያስገቡበት ግዙፍ ባለጥርስ ማሽን ሲሆን፣ መምረጫው ከሻካራ እስከ እጅግ ረቂቅ አምስት ቦታ አለው። 1 ኪሎ ብረት አስገብተው መምረጫውን መሐል ላይ ሲያደርጉት 1 ኪሎ ብሎን ሆኖ ይወጣል። ጌሙ ውስጥ የበር መክፈቻ ካርዳችሁን አስገብታችሁ ወደ ረቂቁ ስታዞሩት የበለጠ በር የሚከፍት ካርድ ታገኛላችሁ። የሙከራ መዝገቡን ያነበበ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል፤ ያላነበበ ይንከራተታል።

ከጓደኛ ጋር መጫወት ለሚወድ “ሲክሬት ላቦራቶሪ” አለ፤ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጌሞች መደብር ላይ በነፃ ይገኛል። ልጆች በብዛት የሚገቡት ግን ሮብሎክስ በተባለው የጌም መድረክ ላይ ባለው 3008 ነው፤ ማለቂያ የሌለው የቤት ዕቃ መደብር ውስጥ ታስራችሁ ማታ ማታ ከሚያጠቋችሁ “ሠራተኞች” ለመዳን መጠለያ ትሠራላችሁ። ወላጆች ይህን ልብ በሉ፦ ጌሙ ለልጅ ቢሆንም ከጀርባው ያሉት ፋይሎች የተጻፉት ለአዋቂ ነው።

በመጨረሻ “ኮንትሮል”ን ተጫወቱ። የፊንላንዱ ጌም ሠሪ ኩባንያ ሬሜዲ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ሲሆን ጠንከር ያለ ኮምፒውተር ወይም ኮንሶል ይፈልጋል። የኤስሲፒ ስም የለበትም፤ ታሪኩ የሚካሄድበት መሥሪያ ቤትም ኒው ዮርክ ያለ የራሱ ቢሮ ነው። ነገር ግን በየጠረጴዛው ቃላቱ በጥቁር የተሸፈኑ ሰነዶች ታገኛላችሁ፤ አንድ ክፍል ውስጥ ደግሞ ዓይኑን ከማቀዝቀዣ ላይ እንዳያነሳ ታዞ፣ የሚተካው ሰው ሳይመጣ የቀረ ሠራተኛ ተቀምጧል። 173ን በሚገባ ያነበበ ሰው ማንም ሳይነግረው ያ ሠራተኛ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ይገባዋል። ለእኔ ይህ አንድ ክፍል ከጌሙ ተኩስ ሁሉ ይበልጣል።

6. ራሳችሁ መሥራት ከፈለጋችሁ

ጽሑፎቹ የወጡት በክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ነው። መተርጎም፣ ወደ ጌም መለወጥ፣ መሸጥም ይቻላል፤ አማርኛ ትርጉምም ሆነ አማርኛ ጌም ለመሥራት ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም። ግዴታው ሁለት ነው። የጸሐፊውንና የገጹን ስም መጥቀስ፣ እንዲሁም የሠራችሁትን በዚያው ፈቃድ መልቀቅ፤ ይህም ማለት ሌላው ሰው ከእናንተ ወስዶ ሊሠራበት ይችላል። ትልልቅ ኩባንያዎች ሐሳቡን ወስደው የራሳቸውን ዓለም የሚፈጥሩት በዋናነት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ምስል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የ173 የመጀመሪያ ፎቶ የጃፓናዊው ሠዓሊ የኢዙሚ ካቶ ሐውልት ሲሆን በዚህ ፈቃድ ስር አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ከገጹ ተነሥቷል፣ ጽሑፉ ብቻ ቀርቷል። ስለዚህ ጽሑፉን ስትወስዱ አብሮት ያለውን ምስል ፈቃድ ለብቻው ፈትሹ፤ ካልተገኘ የራሳችሁን ሣሉ።