በግ በፎቶ ስትታይ፦ ለእንስሳት ሐኪሞች የርቀት ምክር አሰጣጥ መመሪያ

ከሐይቅ ዳርቻ ወይም ከቦርከና ረግረግ አካባቢ፣ ከመንጋጋዋ ሥር ያበጠች በግ ፎቶ በቴሌግራም የደረሰው የእንስሳት ሐኪም በቅድሚያ ፎቶው ያላሳየውን ይጠይቅ፤ የመድኃኒት ስም መጻፍ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። እንዲህ ያለው እብጠት ከጉበት ትል፣ ከደም መጣጭ የጨጓራ ትል፣ መግል ከቋጠረ እብጠት ወይም እሾህ ከወጋው ቁስል ሊመጣ የሚችል ሲሆን፣ በስልክ መስታወት ላይ ግን ሁሉም ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ባለቤቱ እብጠቱን በጣት ሲጫኑት ስርጉዱ ይቆይ እንደሆነ፣ ማታ ከግጦሽ ስትገባ ጎልቶ ጠዋት ይቀንስ እንደሆነ እንዲነግሩን፣ የታችኛውን የዓይን ቆብም ገልብጠው ውስጡ ቀይ ይሁን የነጣ በቀን ብርሃን አንሥተው እንዲልኩ ይጠየቁ። እብጠቱ ለስላሳ ሆኖ ስርጉዱ ከቆየና የዓይኑ ቆብ ከነጣ ጥርጣሬው ወደ ትል ያጋድላል፤ የትኛው ትል እንደሆነ የሚለየው ግን የዓይነ ምድር ምርመራ ነው። በጓ እርጉዝ መሆኗም ሳይጠየቅ መታለፍ የለበትም፤ አልቤንዳዞል በእርግዝና የመጀመሪያ ወር ለበግ አይሰጥም፣ ያልጎለመሰውን የጉበት ትልም አይገድልም።

በገጠሩ ወሎ ስልኩን የያዘው ልጅ ብዙ ጊዜ ከብቱን የሚጠብቀው ሰው አይደለም። የሚጽፈው ተማሪው ሲሆን የሚያውቁት አባቱ ወይም እናቱ ናቸው፤ በመሆኑም በጽሑፍ ከመመላለስ ደውሎ አዋቂዎቹን «እርስዎ» እያሉ በራሳቸው አንደበት ማነጋገር ይሻላል። ሐኪሙም ስሙን፣ የሙያ ደረጃውንና የሚሠራበትን ቦታ አስቀድሞ ይናገር፤ ዶክተር ያልሆነ ረዳት ባለሙያ ዶክተር ሲባል ዝም ብሎ መቀበል የለበትም።

የመድኃኒት መጠን በግምት መናገር ከሁሉም የከፋው ልማድ ነው። እንስሳው በአካል ሳይመረመር መርፌ ማዘዝ ተገቢ አይደለም፤ ቀድሞ የመረመረው ሐኪም ሕክምናውን በስልክ ሲከታተልም ቢሆን ክብደቱ መለካት ይኖርበታል። እንስሳው በሬ ከሆነ ባለቤቱ በገመድ የበሬውን የደረት ዙሪያ ከፊት እግሮቹ ኋላ፣ ርዝመቱንም ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ጫፍ ለክተው በሴንቲሜትር ይንገሩን፤ ዙሪያው በራሱ ተባዝቶ፣ በርዝመቱ ተባዝቶ፣ ለ10,840 ሲካፈል የበሬው ክብደት በኪሎ ግራም ይገመታል። ዙሪያው 150፣ ርዝመቱ 120 የሆነ በሬ 249 ኪሎ ያህል ይመዝናል ማለት ነው፤ በዓይን ሲታይ ግን አንዱ 200፣ ሌላው 350 ሊለው ይችላል።

መድኃኒት ከታዘዘ ሥጋውና ወተቱ ለምን ያህል ቀን እንደማይበላና እንደማይጠጣ ሳይነገር ውይይቱ አይዘጋ። ቀኑ ከመድኃኒት መድኃኒት ስለሚለያይ የጠርሙሱ መለያ ጽሑፍ ፎቶ ተልኮ ከዚያ ላይ ይነበብ። ባለቤቱ የሰኞውን የባቲ ገበያ ወይም አረፋን እየጠበቁ ከሆነ ይህን መስማት ደስ አይላቸውም፤ ቢሆንም ለሽያጭ ብሎ ቀን መቀነስ አይቻልም።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ቆም በል የሚል ነው። ሳይዘገይ፣ ሳይታይም መሰጠት ያለበት ምክር ግን አለ። ደኅና ያደረ በሬ በድንገት ሞቶ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም ከወጣ አባ ሰንጋ ነው ብሎ ማሰብ ግድ ነው፤ ሬሳው አይገፈፍ፣ አይከፈት፣ ለውሻም አይጣል። በሽታው በተከፈተው ሬሳ አማካይነት አፈር ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይቆያል፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል። «ሳይሞት በቢላ ደርሰንበታል» ተብሎ ሥጋው በቅርጫ ተከፋፍሎ እንደሆነ ሳይበላ እንዲሰበሰብ፣ የነኩትና የበሉትም ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ በግልጽ ይነገር። ሐኪሙ ራሱ ለወረዳው የእንስሳት ጽሕፈት ቤት ይደውል፤ የእንስሳት ጤና ሕጉ እንዲህ ያሉ በሽታዎች ሪፖርት እንዲደረጉ ያስገድዳልና ለባለቤቱ ብቻ መተው አይገባም። ያበደ የሚመስል ውሻ ሰው ነክሶ ሲነገረውም ስለ ውሻው ከመጠየቁ በፊት ቁስሉ በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ እንዲታጠብና ሰውየው ለክትባት እንዲሄድ ይናገር።

የቀረው አጭር ነው። መድኃኒት ቤት ጠቁሞ ኮሚሽን መቀበል ነውር ነው። የታመመ መንጋ ፎቶ ከነባለቤቱ ስምና ቀበሌ ለሌላ ሰው አይተላለፍ፤ ወሬው ገበያ ቀድሞ ከደረሰ ጤነኛውም ከብት ገዢ ያጣል። የተጠየቀው፣ የተመለሰው፣ የታዘዘውና ባለቤቱ ወደ ክሊኒክ ወይም ናሙና ይዘው ኮምቦልቻ ወዳለው የምርመራ ላቦራቶሪ እንዲሄዱ የተነገራቸው ቀን በመዝገብ ይስፈር፤ ቴሌግራም ላይ ያለ መልእክት በአንድ ጣት ስለሚጠፋ እርሱን እንደ መዝገብ መቁጠር አይቻልም።